የለምለም ሆድ

ባለፈው ሳምንት ለእርግዝና ክትትል ሄጄ አልጋው ላይ ተጋድሜ ሳለ ነርሷ "ትንሽ ይቀዘቅዝሻል" ብላ ያንን ዝልግልግ ቅባት ሆዴ ላይ ጠብ አደረገችው። እውነትም ቀዘቀዘኝ። ቅዝቃዜው ግን ለእኔ አዲስ አልነበረም። ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ ሆዴ ላይ አርፎ ያውቃል። ያኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ እርጉዝም በሽተኛም አልነበርኩም። ቀንቼ ነበር።

ነገሩ የሆነው ለምለም ወደ ቤታችን በመጣችበት ክረምት ነው። ለምለም የአክስቴ የዘነቡ ልጅ ናት። አክስቴ ከእኛ ከሰቆጣ ወዲያ፣ ዝቋላ ነበር የምትኖረው። ባሏ ሞተባት፤ ዝናቡም ሁለት ዓመት ተከታትሎ ቀረባት፤ በመጨረሻ ቤሩት ሄዳ ሰው ቤት ልትሠራ ቆረጠች። ከመሄዷ በፊት የአራት ዓመት ልጇን አዝላ ሁለት ቀን በእግሯ ተጉዛ ሰቆጣ ገባች። በራችን ላይ ለምለምን ከጀርባዋ አወረደችና እናቴ እቅፍ ውስጥ አስቀመጠቻት።

"እህቴ፣ አደራ" አለች።

እናቴም አንገቷን አቅፋ "አይዞሽ፤ የአደራ ልጅ ከወለዱት ይበልጣል" አለቻት።

እኔ በሩ ጥግ ቆሜ እሰማለሁ። እናቴ ይህን ያለችው እህቷን ለማጽናናት እንደሆነ ዛሬ አውቃለሁ። ያኔ ግን ቃሉን እንዳለ ነው የወሰድኩት። የተወለድኩት እኔ ነኝ። የምትበልጠው ደግሞ ይቻት፣ ንፍጧን እያዝረበረበች እናቴ ደረት ላይ ተለጥፋለች።

እኔ ለእናቴ አንድ ነበርኩ። ከእኔ በፊት የወለደቻቸው ሁለቱ አላደጉላትም። አባባ ቄስ ናቸው፤ ከቅዳሴ ወደ ፍታት፣ ከፍታት ወደ ንስሐ ልጆቻቸው ቤት ሲሉ ቀኑ ይመሽባቸዋል። ስለዚህ የቤቱ ሰው እኔና እናቴ ነበርን። ገበያ ስትወጣ የነጠላዋን ጫፍ ይዤ ነው፤ ስትተኛም ጀርባዋ የእኔ ነው። ለምለም የመጣች ዕለት እንደ ልማዴ ያንን ጀርባ ልይዝ ስል እናቴ "ወርቄ፣ አንቺ እኮ ትልቅ ልጅ ነሽ። ወደ ግድግዳው ሂጂ" አለችኝ። ሄድኩ። ግድግዳችን ድንጋይ ነው፤ በክረምት ላብ እንዳላበው ሰው ይረጥባል።

ይህን ሁሉ እችለው ነበር። ያንገበገበኝ ቋንቋው ነው። እናቴ በኽምጥኛ አፏን የፈታች የዝቋላ ልጅ ናት። አባባ ከአማርኛ ሌላ አይችሉም፤ እኔም ትምህርት ቤት እንዳልቸገር ብላ ከእኔ ጋር የምታወራው በአማርኛ ብቻ ነበር። ኽምጥኛዋ ገበያ ላይ ከአገሯ ሰዎች ጋር ስትገናኝ ብቻ ብቅ ብሎ ይጠፋል። ለምለም ደግሞ አንድም የአማርኛ ቃል አታውቅም። እናቴ በአንድ ቀን ሌላ ሰው ሆነችብኝ። ፈጥና ታወራለች፤ ድምፅዋ ይቀጥናል፤ እንደ ልጃገረድ አፏን በእጇ ሸፍና ትስቃለች። ከእኔ ጋር እንደዚያ ስቃ አታውቅም። እኔ ከአሥሩ ቃል ሁለቱን፣ ሦስቱን ለቅሜ የቀረውን እገምታለሁ፤ የምገምተው ሁሉ ስለ እኔ ነው።

"ምንድን ነው የሚያስቃችሁ?" እላለሁ።

"ምንም አይደል ልጄ። በአማርኛ ሲነገር አያስቅም" ትለኛለች።

ነጭ ማር በትንሽ ገንቦ ነበረን፤ ለአባባ የንስሐ ልጃቸው ከጋዝጊብላ ያመጣላቸው። ለእንግዳ ወይም ለታመመ ሰው ካልሆነ አይነካም። ለምለም የመጣች ሰሞን እናቴ በየጠዋቱ አንድ ጣት እያጠለቀች ታልሳት ጀመር። እኔም እጄን ዘረጋሁ። "አንቺ ምን ሆነሽ?" አለችኝ ገንቦውን እየከደነች። ያመመኝ ነገር አልነበረም።

ሐምሌ አልፎ ነሐሴ ሲገባ በለስ ደረሰ። ከቤታችን ጀርባ ያለው ገደል ሙሉውን በለስ ነው፤ ልጅ ሁሉ እሾሁን በቅጠል እየጠረገ ሲበላ ይውላል። በለስ ጣፋጭ ነው፣ ፍሬው ግን ሲበዛ ሆድ ያደርቃል። በሰፈራችን በየዓመቱ ሆዱ ተቆልፎ እሪ የሚል ልጅ አይጠፋም። ለምለም ዘዴውን ቶሎ ለመደችው። እናቴ ፈራችና ሥራ ሰጠችኝ።

"ጠዋት ጠዋት ጓሮ ውሰጃት። ሜዳ እስክትወጣ ጠብቂያት። ከዚያ ወጣች፣ አልወጣችም ብለሽ ትነግሪኛለሽ። አደራ ወርቄ።"

አደራ የሚለውን ቃል ጠላሁት። ቢሆንም የመጀመሪያዎቹን ቀናት በታማኝነት ሠራሁ። ዝናብ እየወረደብኝ፣ ከጣሪያው ክፈፍ ስር ተጠግቼ፣ የሰው ልጅ እስኪያምጥ እጠብቃለሁ። አንድ ቀን ለምለም አልሆነላትም። ገባሁና "አልወጣችም" አልኩ። እናቴ የያዘችውን ሥራ ጥላ ለምለምን ጭኗ ላይ አጋድማ ሆዷን በቅቤ ስታሽ፣ በኽምጥኛ እያንጎራጎረች፣ ከሰዓቱን ሁሉ ዋለች። እኔ ውሃ ቀዳሁ፣ እንጨት አስገባሁ፣ ጥጃ አሰርኩ። ማንም አላየኝም። በማግስቱም ለምለም አልወጣችም። እናቴ "እህ?" ስትለኝ "ወጣች" አልኳት።

ቃሉ እንደዚህ ቀላል ነበር። እናቴ "ተመስገን" አለችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ለምለም መሬት ላይ ተቀመጠች። ደስ አለኝ።

በሦስተኛው ቀን ለምለም ድንገት እግሯን ወደ ሆዷ ሰብስባ ትጮህ ጀመር። ጥቂት ቆይታ ደግሞ ምንም እንዳልሆነች ተነስታ በጠጠር ትጫወታለች። ከዚያ መልሶ ያማታል።

"እያስመሰለች ነው" አልኩ ለእናቴ። "ካመማት እንዴት ትጫወታለች?"

እናቴ አየችኝ። "ሜዳ ወጥታለች አይደል?"

"ወጥታለች አልኩሽ እኮ።"

"እንግዲህ በለሱ አይደለም። ምን ይሆን?" አለች ለራሷ። አባባ ያን ዕለት ጸበል ይዘው ገቡ፤ ረጩላት፣ ጸለዩላት። እኔም አጠገቧ ሄጄ ሆዴን ይዤ "እኔንም አመመኝ" አልኩ። አባባ ጥቂት ጠብታ ረጩኝ። እናቴ ግን ዞር ብላም አላየችኝም፤ "አንቺ ደግሞ!" ብቻ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ለምለም አረንጓዴ ነገር አስመለሰች። ውስጡ አንድ ነጭ፣ ረጅም ትል ነበረበት። ሕያው ነው፤ መሬቱ ላይ ይጠማዘዛል። እናቴ ጮኸች። ለምለምን አዘለች፣ ነጠላዋን እንኳ በደንብ ሳትለብስ በጭቃው ወደ ሆስፒታሉ ሮጠች። እኔም ጫማዋን ይዤ ከኋላ ተከተልኩ። የለምለም ጭንቅላት እናቴ ትከሻ ላይ ወዲያና ወዲህ ሲል አየዋለሁ። ያን ጊዜ እንኳ፣ እውነቱን ልናገር፣ ያሰብኩት ስለ ጀርባው ነው።

አግዳሚው ወንበር በእርጉዝ ሴቶች ተሞልቶ ነበር። ቦታ የለቀቀችልን አንዲት ሴት ለእናቴ "እኔ በመሣሪያው ልታይ ነው" አለቻት። "ቴሌቪዥን የመሰለ ነገር አላቸው። ሆድሽ ላይ ሲያደርጉት በሆድሽ ያለውን ሁሉ ቁልጭ አድርጎ ያወጣዋል። ከእሱ የሚደበቅ ነገር የለም።"

በሆድሽ ያለውን ሁሉ! እናቴ ስትቆጣኝ "በሆድሽ ያለውን እግዜር ያውቀዋል" ትላለች። ቂም የሚያዘው በሆድ ነው፤ ምሥጢር የሚደበቀው በሆድ ነው፤ ክፉ ሰው ሲታማ "ሆዱ ጥቁር ነው" ይባላል። የእኔ ሆድ ምን እንደያዘ ደግሞ እኔ አውቃለሁ። እጄን ቀሚሴ ላይ አድርጌ ሸፈንኩት።

ዶክተሩ የመሀል አገር ሰው፣ ገና ወጣት ነው። ለምለምን አልጋ ላይ አስተኝቶ በአማርኛ ጠየቃት። እናቴ አስተረጎመችላት፤ እሷ ግን ህመሙ አፏን ዘግቶባታል።

"ያስመልሳታል?" አለ ወደ እናቴ ዞሮ።

"ዛሬ ነው የጀመራት። ይኸው ትልም ወጣት።"

"ሰገራስ? ትወጣለች?"

እናቴ በእርግጠኝነት "ትወጣለች" አለች። "ይቺ ልጄ ናት ጠዋት ጠዋት የምትወስዳት። አይደል ወርቄ?"

"አዎ" አልኩ።

"እንግዲያው ወስፋት ነው፤ ብዙም አያስፈራም" አለ ዶክተሩ። "የሚዋጥ መድኃኒት እጽፍልዎታለሁ፤ ቤት ወስደው ይስጧት።" መጻፍ ጀመረ። ብዕሩ ወረቀቱ ላይ ሲሄድ ልቤ ቀለለ። ልክ ያኔ ለምለም እግሯን ሰብስባ ጮኸች። ዶክተሩ ብዕሩን አስቀመጠ። ሆዷን በጣቶቹ ቀስ እያለ ዳሰሰና እምብርቷ አጠገብ ቆመ። እንደገና ዳሰሰው። ፊቱ ተለወጠ።

"እዚህ ጋ የተቋጠረ ነገር አለ" አለ። "ጄኔሬተሩ ይነሳልኝ፤ በአልትራሳውንድ ልያት።"

ጄኔሬተሩ ከውጭ ሲንደቀደቅ ለእኔ የፍርድ ቀን ነጋሪት ነበር። ክፍሉ ጨለማ ነው። ዶክተሩ ቅባቱን የለምለም ሆድ ላይ አፍስሶ የመሣሪያውን እጀታ ሲያንሸራትት ቴሌቪዥን በመሰለው መስተዋት ላይ ጉም የመሰለ ነገር ተነሳ። ከጉሙ መሀል ነጫጭ መስመሮች ጥንድ ጥንድ ሆነው ታዩ፤ እንደ ተጠላለፈ ክር ተጠምጥመዋል። ይንቀሳቀሳሉ።

"በስመ አብ" አለች እናቴ።

"እነዚህ ወስፋቶች ናቸው" አለ ዶክተሩ። "ብዙ ናቸው። ተጠላልፈው እንደ ቋጠሮ አንጀቷን ይዘውታል። ሙሉ በሙሉ ዘግተውት ከሆነ አንድ ነገር ነው፤ የሚያሳልፍ ቀዳዳ ካለ ሌላ ነው። ይህን መሣሪያው ብቻውን አይነግረኝም።" እጀታውን እንደያዘ ወደ እኔ ዞረ። ከእጀታው ጫፍ ቅባት ይንጠባጠባል። "እህት፣ ዛሬ ጠዋት ስትወጣ በዓይንሽ አይተሻታል?"

አይነግረኝም ያለውን አላመንኩትም። አባባ ንስሐ ሲያናዝዙ እያወቁ እንደሚጠይቁት የሚጠይቀኝ መሰለኝ። ብዋሽ ያ እጀታ ቀጥሎ የሚመጣው እኔ ሆድ ላይ ነው። እናቴ ፊት ሁሉም ቁልጭ ብሎ ሊወጣ ነው።

"አልወጣችም" አልኩ።

"ምን?" አለች እናቴ።

"ዛሬም አልወጣችም። ትናንትም አልወጣችም። ከትናንት ወዲያም አልወጣችም። ከዚያ በፊትም... ውሸቴን ነው።"

እናቴ እጇን አነሳች። ዶክተሩ በመሀላችን ገባ። "ይተዉአት እናቴ። የነገረችኝ ነገር ትልቅ ነው።" ከዚያ የጻፈውን ወረቀት ወስዶ ቀደደው። "አንጀቷ ተዘግቶ ሳለ ያንን መድኃኒት ብትውጥ ኖሮ ትሎቹ እዚያው ይከመሩባት ነበር። አሁን ምንም አትበላም፣ ምንም አትጠጣም። እዚሁ ትተኛለች።"

እናቴ እጇን አወረደች። ሳትመታኝም፣ ሳታየኝም ወደ ለምለም ዞረች።

ለምለም ሦስት ቀን ተኛች። በአፍንጫዋ ቀጭን ቱቦ ገባላት፤ ክንዷ ላይ ግሉኮስ ተሰቀለላት። ዶክተሩ በሁለት፣ በሦስት ቀን ካልተፈታ ወልድያ ወይም መቀሌ ተወስዳ ሆዷ መከፈት እንዳለበት ነገረን። በዚያ ክረምት መንገዱ በጎርፍ ተቆርጦ ስንት መኪና ቆሞ እንደሚያድር ሁላችንም እናውቃለን። እኔ በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ ለእናቴ ምሳ አደርሳለሁ። ሳህኑን ትቀበለኛለች፣ ታስቀምጠዋለች። አታናግረኝም። የለምለም ክንድ ላይ የተለጠፈው ነጭ ፕላስተር እንዴት እንደሚያምር አስባለሁ፤ ያንን በማሰቤ ደግሞ ራሴን እጠላለሁ፤ ከዚያ መልሼ አየዋለሁ። ሁለቱም ስሜት አንድ ላይ ይኖር ነበር፤ አንዱ ሌላውን አላባረረውም።

በሁለተኛው ቀን ከቴሌ የስልክ መጥሪያ ወረቀት መጣ። አክስቴ ከቤሩት ትደውላለች ማለት ነው። እናቴ ለምለምን ለነርሷ አደራ ብላ ሄደች፤ እኔም ሳትጠራኝ ተከተልኳት። ቴሌ ቤቱ ውስጥ ስልክ ከሚወራበት የእንጨት ሳጥን ውጭ ቆሜ የምትናገረውን ሰማሁ። በኽምጥኛ ነበር፤ ግን ያ ክረምት ብዙ አስተምሮኛል። ደህና ናት ትላለች። ትበላለች ትላለች። በለስ ወዳለች፣ ከወርቄ ጋር ትጫወታለች ትላለች። ስትወጣ ፊቷ በእንባ ታጥቧል። ከአገር ርቃ ላለችው እህቷ ምን ታድርግ ብላ ትንገራት? ዋሸቻት። በመንገዱ ሁሉ ወደ ኋላዋ ሳትዞር ሄደች።

በሦስተኛው ቀን ለምለም ወጣች። ምሳ ይዤ ስደርስ ነርሷን ፖፖውን ይዛ ስትስቅ አገኘኋት፤ የውስጡን ነገር አልገልጸውም። ዶክተሩ ለማረጋገጥ ለምለምን መልሶ ወደ ጨለማው ክፍል ወሰዳት። ጉሙ መጣ፤ ቋጠሮው የለም። መስመሮቹ ተበታትነው እዚህም እዚያም ቀርተዋል። "አሁን መድኃኒቱን መስጠት ይቻላል፤ የቀሩትም ይወጣሉ" አለ። እናቴ ጎንበስ ብላ እጁን ልትስም ስትል እጁን ሰበሰበ።

ያኔ ነው ቀሚሴን ወደ ላይ የሰበሰብኩት።

"እኔንም እየኝ" አልኩት።

"አንቺ ምን ሆንሽ?"

አልጋው ላይ ወጥቼ ተጋደምኩ። ምን እንደፈለግሁ ዛሬም በደንብ አላውቀውም። እንዲታይልኝ ፈልጌ ይሆናል፤ ክፉውንም ቢሆን አንድ ሰው እንዲያየው። ዶክተሩ ወደ እናቴ ተመለከተ፤ ከዚያ ቅባቱን ሆዴ ላይ ጠብ አደረገው። ዘለልኩ። እጀታው ወዲህና ወዲያ ሲል የእኔም ጉም መስተዋቱ ላይ ተነሳ። ትንፋሼን ይዤ ጠበቅሁ።

"ምንም የለሽም" አለ ዶክተሩ።

አለቀስኩ። እሱ ደህና ነሽ ማለቱ ነበር። እኔ የሰማሁት ሌላ ነው፤ እውነት ነው፣ ምንም የለኝም፤ ጀርባውም፣ ቋንቋውም፣ ማሩም፣ እናቴም። ጮክ ብዬ አለቀስኩ። ምስኪኑ ዶክተር "ምን አልኳት? ጤነኛ ነሽ እኮ ነው ያልኳት" እያለ ቅባቱን በጨርቅ ይጠርግልኛል።

እናቴ ግን ገብቷት ነበር። ለምለምን አልጋው ዳር አስቀምጣ አጠገቤ መጣች። ቀሚሴን ወደ ታች ሳበችልኝ።

"ክረምቱን ሙሉ ወጣች ወይ፣ በላች ወይ፣ ተኛች ወይ እያልኩ ስጠይቅሽ ከረምኩ" አለች። "አንቺን አንድ ቀን እንዴት ነሽ ብዬሻለሁ?"

አሰብኩ። "አላልሽኝም።"

"አላልኩሽም። እሱ የእኔ ጥፋት ነው። ልጅቱን ልትገድያት ነበር፤ እሱ ደግሞ የአንቺ ነው። ሁለቱንም አልረሳም።" እጄን ይዛ ከአልጋው አወረደችኝ። ሌላ ምክር አልሰጠችኝም።

ከዚያ በኋላ ቅናቱ ለቀቀኝ ብል ውሸት ነው። ለምለም ቤት ከተመለሰች በኋላ ማሩ እንደገና ተከፈተላት፤ እኔም እንደገና አንገበገበኝ። ግን እናቴ በየጠዋቱ ለእኔም አንድ ጣት ታልሰኝ ጀመር። ጓሮ የምትወስዳት እሷ ሆነች። ለምለም በበኩሏ የሆነውን ሁሉ አታውቅም፤ ወይም አውቃ ግድ አልሰጣትም። በየሄድኩበት ትከተለኛለች። አማርኛ የተማረችው ከእኔ ነው፤ መጀመሪያ ያወቀችው ቃል "እንቢ" ነበር። ኽምጥኛውን ደግሞ ከእሷ ተማርኩ፤ እናቴ የምትስቅባቸው ነገሮች በእውነት አስቂኝ እንደነበሩ ያኔ ገባኝ።

ኅዳር ላይ አክስቴ ዘነቡ ሳይታሰብ ተመለሰች። ያሰበችው ሥራ አልሆነላትም፤ ከስታ፣ ጠቁራ፣ አንዲት ትንሽ ሻንጣ ይዛ በራችን ላይ ቆመች። ለምለም አላወቀቻትም። እኔ ቀሚስ ውስጥ ተደበቀች። አክስቴ መሬት ላይ ተቀምጣ አለቀሰች፤ እናቴ "ቀስ በይ፤ ልጅ ነች፤ ትለምድሻለች" እያለች ታባብላታለች።

ለመደቻት። በሳምንቱ እኔና እናቴ ደጅ ተቀምጠን ጤፍ ስንለቅም ለምለም ወደቀችና ጉልበቷ ተላጠ። እናቴ ጤፉን ጥላ ብድግ አለች፤ እጆቿን ዘረጋች። ለምለም እያለቀሰች መጣች፤ መጣችና በእናቴ አጠገብ አልፋ ሄዳ አክስቴ ጭን ላይ ወደቀች። በኽምጥኛ "እናቴ" አለቻት።

እናቴ እንደቆመች ቀረች። የተዘረጉት እጆቿ መሄጃ አጡ። ቀስ ብላ ተመልሳ ተቀመጠች፤ ጤፉ ውስጥ የሌለ ጠጠር ትፈልግ ጀመር። ፊቷን አየሁት። ከንፈሯን ነክሳለች፤ ዓይኗ ወደ እነሱ ላለመሄድ ይታገላል፤ ደግሞ ይሄዳል። ያንን ፊት አውቀዋለሁ። ከውጭ ሳየው ግን የመጀመሪያዬ ነበር፤ አሳዘነኝ እንጂ አስቀያሚ አልነበረም።

እናቴ እያየኋት መሆኔን አወቀችና ቀና አለች።

"ምን ታዪኛለሽ?" አለችኝ።

"ምንም" አልኳት። ያች ውሸት ማንንም አልጎዳችም።